በበረዶ ሜዳው ላይ የተነፈስኩት አየር

ሦስት ሐኪሞች ሦስት የተለያየ በሽታ ሰጡኝ፤ አንዱም የእኔ አልነበረም። የመጀመሪያው የአበባ ብናኝ ነው አለኝ፣ ሁለተኛው አስም፣ ሦስተኛው ጭንቀት። በመሃል በሳንባ ነቀርሳም ተጠርጥሬ ነበር። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችኝ ግን ሐኪም ያልሆነች ሴት ናት። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ሥራ ቦታው እያሳመመው «ደካማው እኔ ነኝ» ብሎ ጥርሱን ነክሶ የሚውል ሰው ካለ፣ ጥርስህን ፍታ ልለው ነው።

ጌታሁን እባላለሁ። የማሠለጥናቸው ልጆች «ኮች ጂ» ይሉኛል። ሥራዬን ለሐበሻ ስናገር መጀመሪያ ይስቃል። የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነበርኩ፤ ለመዝናናት ሳይሆን ደመወዝ እየተከፈለኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ቤተሰቤ ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ሲገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዊኒፔግ ክረምት ሲገባ ልጅ ሁሉ በረዶ ላይ ነው፤ ቆሞ ከመንቀጥቀጥ መሮጥ ይሻላል። ጎረቤታችን የልጁን አሮጌ፣ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው የበረዶ ጫማ ሰጠኝ። በሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበርና አባቴ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቀጠቀልኝ። በዚያው ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ።

ተከላካይ ነበርኩ። ጎል የሚያገባው ሌላ ነው፤ የእኔ ሥራ ጎል ሊያገባ የሚመጣውን ሰው ከአጥሩ ጋር ማላተም ነው። ትልቁ ሊግ አንድም ቀን አልጠራኝም። የተጫወትኩት ስማቸውን ብነግራችሁ በማታውቋቸው ከተሞች ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ እየተኛን፣ ነዳጅ ማደያ እየበላን። መንጋጋዬ አንዴ፣ ትከሻዬ ሁለቴ ተሰብሯል። የፊት አራት ጥርሶቼ የተገዙ ናቸው። በእኛ ሙያ «አመመኝ» ያለ ተጫዋች ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ስለዚህ ማንንም አያመውም።

የመጨረሻው ቡድኔ እዚሁ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ነበር። በአንድ ጓደኛዬ ሠርግ ላይ አትላንታ መጥቼ ሰናይትን ተዋወቅኋት። ሥራዬን ስነግራት «በረዶ? ጆርጂያ ውስጥ?» ብላ የምሯን ተገረመች። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ መጫወት አቁሜ አገባኋት፤ አትላንታ ዳር፣ ሊልበርን ቤት ገዛን። እሷ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ሱፐርቫይዘር ናት። እኔ ደግሞ ከቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት በሚርቅ የበረዶ ሜዳ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶችን ማሠልጠን ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ተጫዋች ሆኜ እንኳ አላውቅም። አንዲት ልጅ በግራ እግሯ ብቻ መዞር ትፈራ ነበር፤ ከዚያ አንድ ቀን ትዞራለች። ያንን ፊት ለማየት ብዬ እሠራለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በፈረንጆቹ 2014 ሚያዝያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር፤ ደረቅ፣ ከሥራ ወጥቼ ስድስት ሰባት ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ። ከዚያ ራስ ምታት ተጨመረ። ከዚያ ደረቴን አንድ ሰው ከውስጥ ጨምድዶ የያዘኝ መሰለኝ። አትላንታ በዚያ ወቅት መኪናው፣ በረንዳው፣ የውሻው ጀርባ ሳይቀር በቢጫ ብናኝ ይሸፈናል። ቀጠሮ የማይጠይቀው ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ጀርባዬን በማዳመጫው አንዴ ነካ አድርጎ «ፖለን ነው፤ ከተማው ሁሉ እያሳለ ነው» አለና ክኒን ሰጠኝ። አመንኩት። የሚያምኑት ነገር ነበር።

ብናኙ በዝናብ ታጥቦ ሄደ። ሳሉ ግን አልሄደም። ግንቦት ላይ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ አስም ነው ብሎ ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘልኝ። እየነፋሁ ሥራዬን ቀጠልኩ። ልምምድ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ አጥሩን ተደግፌ ልጆቹን የማይ መስዬ እቆማለሁ። ሰናይት ትጠይቀኛለች፤ «ደህና ነኝ» እላታለሁ። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት ስስል መሐረቡ ላይ ደም አየሁ። ብዙ አይደለም፤ የሽንብራ ፍሬ ያህል። ሰናይት መሐረቡን ከእጄ ነጥቃ አየችው። አልጮኸችም። ሆቴል ደውላ «ዛሬ አልገባም» አለችና ቁልፏን አነሣች።

ሆስፒታል ውስጥ የትውልድ አገሬንና የሱዳኑን ካምፕ ከጻፉ በኋላ ሁሉም ነገር ተቀየረ። ነርሷ ወጥታ አፏን ሸፍና ተመለሰች። ክንዴ ላይ የሳንባ ነቀርሳ መመርመሪያ ወጉኝ፤ በሁለተኛው ቀን አበጠ። ልጅ ሳለሁ የተከተብኩት ክትባት ብቻውን እንዲያ ሊያሳብጠው እንደሚችል የተነገረኝ ኋላ ነው። አክታዬን ወስደው ውጤቱ እስኪመጣ ከቤት እንዳልወጣ አዘዙኝ።

ሰናይት ለአንዲት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ «ጸልዩልን» አለች። ጸሎት በስልክ ፈጥኖ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ወርቁ ደወሉ።

«ወንድም ጌታሁን፣ እንደምን ነህ? እንግዲህ ለጊዜው፣ ለጊዜው ነው የምልህ፣ አንተም እሷም ቤት ሆናችሁ ብታመልኩ...»

«አቶ ወርቁ፣ ውጤቱ እኮ ገና አልመጣም።»

«አይ፣ ለእናንተው አስበን ነው።»

ሰናይት ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ለእኛ ካሰቡማ ሾርባ ይዘው ይምጡ!» ብላ ዘጋችው።

ሽማግሌ ላይ ስልክ ስትዘጋ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ከዘጋች በኋላ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ደግነቱ አቶ ወርቁ ሰው ናቸው። በማግስቱ አፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ድስት ታቅፈው መጡና በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ ደወሉን ነክተው፣ እንደ ሌባ ወደ መኪናቸው ሮጡ። ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር። ሁለታችንም ጠጣነው።

አሁን ልብ በሉ። ቤት በተቀመጥኩ በአምስተኛው ቀን ሳሉ ቀነሰ። በዘጠነኛው ቀን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አላጠረኝም። እናቴ ከዊኒፔግ ደውላ «ጸሎት ነው» አለች፤ ሰናይት «ዕረፍት ነው» አለች፤ እኔ ግን ሥራ ናፍቆኝ ነበር። ውጤቱ መጣ፦ ነቀርሳ የለም። በዚያው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሜዳ ገባሁ። ረቡዕ ጠዋት መሐረቡ ላይ ደም ነበር።

ሦስተኛው ሐኪም ሰፊ ቢሮ የነበረው ነው። የመጠበቂያው ክፍል ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ሰዎች የቤታቸውን ግድግዳ ሲያፈርሱ ያሳያል። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ሐኪሙ ራጄን በመስኮቱ ብርሃን አየና «ሳንባህ ንጹሕ ነው» አለኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ሰናይት አዙሮ፣ ስፖርት ያቆሙ ሰዎች ሐዘን እንደሚይዛቸው፣ ሰውነታቸው በሕመም እንደሚናገር፣ የጭንቀት ክኒን እንደሚጠቅመኝ ለእሷ ነገራት። ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ።

«ደሙስ?» አልኩት።

«ብዙ ስታስል ጉሮሮህ ተልጦ ይሆናል።»

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሣ ሰናይት ቀስ ብላ «ጌቱ፣ ምናልባት እኮ... ሆኪውን ማቆምህ አንተ እንደምታስበው ቀላል አልነበረም ይሆናል» አለችኝ።

«አንቺም?» አልኳት።

«እኔ ምን ላድርግ? ትስላለህ፣ ደህና ነኝ ትላለህ፣ ደም ትተፋለህ፣ ደህና ነኝ ትላለህ! ስንት ዓመት ነው ደህና የምትሆነው?»

ሞተሩን አስነሥቼ ወደ ሊልበርን ነዳሁ። የእውነት ፈራሁ። ከበሽታው ይልቅ ያስፈራኝ ሐኪሙ ትክክል ቢሆንስ የሚለው ነበር፤ ይህ ሁሉ የራሴ ጭንቅላት ቢሆንስ? የክኒኑን ማዘዣ ግን ቀደድኩት። እልክ ነው። አንዳንዴ እልክ ብቻ ነው ሰውን የሚያቆመው። ወደ ሁለተኛው ሐኪም ስልክ ደውዬ የሳንባ አቅም ምርመራ ካልላክኸኝ በርህ ላይ እተኛለሁ አልኩት። ላከኝ።

ምርመራው የሚደረገው እንደ ስልክ ቤት ባለ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። አፍንጫህን በመቆንጠጫ ይይዙህና ቱቦ ውስጥ ያለ የሌለ ትንፋሽህን ታወጣለህ። የምትመረምረው ሴት ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ነበረች። በእንግሊዝኛ ስትጮህብኝ ቆይታ ወረቀቱ ላይ ስሜን አየችና ወደ አማርኛ ዞረች።

«ጨርሰው! ጨርሰው! ጨርሰው አንተ! እንዲህ ያለ ትከሻ ይዘህ ነው እንዲህ የምትነፋው?»

እቴነሽ ትባላለች፤ ፓይን ሌክ ነው የምትኖረው። እሷም በሱዳን በኩል የመጣች ናት። የውጤቱን ወረቀት አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«የበረዶ ሆኪ አሠልጣኝ ነኝ።»

አልሳቀችም። «ሜዳው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?»

«ቤት ውስጥ።»

«በረዶውን በምን ያስተካክሉታል?»

«በማሽን። ላዩን ይልጠውና ውኃ ያፈስበታል።»

«በኤሌክትሪክ ነው በጋዝ?»

«በፕሮፔን ጋዝ ነው፣ እትዬ።»

«ሥራ ሳትገባ የቀረህበት ጊዜ ነበር? ያኔስ እንዴት ነበርክ?»

ስለ ዘጠኙ ቀን ነገርኳት። እየተናገርኩ ራሴ ሰማሁት።

«ስማኝ» አለች፣ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታህ ይሄ ነው ልልህ አልችልም። ለሳንባ ሐኪሟ እጽፍላታለሁ። አንተ ደግሞ ይህችን ያዝ።» እንደ ልጅ መጫወቻ ያለች የፕላስቲክ መንፊያ ሰጠችኝ፤ የትንፋሽን ኃይል ትለካለች። «በቀን ሦስቴ ንፋና ቁጥሩን ጻፍ። ሥራ የገባህበትንም ያልገባህበትንም።» ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «ጌታሁን፣ እዚያ ሜዳ ላይ ሌላ የሚያስል ሰው አለ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ማሽኑን የሚነዳው ሽማግሌ፣ ሬይ፣ ራሱን ሳይዝ የሚውልበት ቀን አልነበረም። ልጆቹም ያስሉ ነበር። እኔ «ጠንከር በሉ! ሩጫ ላይ ሳል የለም!» እላቸው ነበር። እኔ ነኝ ያልኳቸው።

ሁለት ሳምንት ጻፍኩ። ለማንበብ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እሑድ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ሰኞም ሥራ ስለሌለኝ ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ከማክሰኞ ልምምድ በኋላ ይወድቃል፣ ቅዳሜ ወለሉን ይነካል። የሳንባ ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ መነጽሯን አወለቀች። ያረጀ የጋዝ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ ሁለት ክፉ ነገር እንደሚተፋ አስረዳችኝ፦ አንዱ ደም ውስጥ ገብቶ ራስ የሚያሳምም ሽታ የሌለው ጭስ፤ ሌላው ከሰዓታት በኋላ የሳንባን ውስጥ እንደ እሳት የሚለበልብ። ስለዚህ ነው ሳሉና ሜዳው ተራርቀው ማንም ያላገናኛቸው። ከዚያ ሜዳ እንድርቅ አዘዘችኝ። ለአለቆቼም የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፈች።

ደብዳቤውን ለሜዳው ማናጀር ለዴል ይዤ ሄድኩ። የውጭ አየር የሚያስገቡት የሜዳው ማራገቢያዎች ከሚያዝያ ጀምሮ የጠፉት ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የጆርጂያ ሙቀት እርጥብ ነው፤ የውጭ አየር ከገባ በረዶው ላይ ጉም ይሠራል፣ በረዶው ይላሽቃል፣ የኤሌክትሪኩም ወጪ ይንራል። ዴል ይህን ሁሉ ሳያፍር ነገረኝ። ደብዳቤውን ግን ሳይከፍት ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ኮች፣ እኔ እዚህ ቤት ስንት ዓመቴ ነው። ሞትኩ? ካመመህ ቤትህ ተቀመጥ። ቅዳሜን ረዳትህ ይይዘዋል።»

ቤቴ ልቀመጥ ይገባኝ ነበር። ሐኪሟም ያለችው ይህንኑ ነው። ግን ቅዳሜ የሚገቡት የእኔ ልጆች ናቸው። የሁሉንም ወላጆች ስልክ ደወልኩ፤ ግማሾቹ አላነሡም፣ አንድ አባት «ዶክተር ሆንክ እንዴ?» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሰናይት የመኪናውን ቁልፍ ቀድማኝ አነሣች።

«እኔ ነኝ የምነዳው» አለች። «አንተ ውስጥ ብዙ እንዳትቆይ። ሰዓት እይዝብሃለሁ።»

ስንደርስ አሥራ አንድ ልጆች ሜዳው ላይ ነበሩ። ሬይ በማሽኑ ገና አሁን አልፎ ነበር፤ አየሩ መብራቶቹ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ይመስላል፤ ሁልጊዜ የማየውና ጉም ነው የምለው። ማያ የምትባለው በረኛችን አግዳሚው ላይ ሄልሜቷን አውልቃ ጭንቅላቷን በጉልበቷ መሃል ቀብራ ነበር። ስጠራት ቀና አለችና ጓንቷ ላይ አስመለሰች።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። «ከበረዶው ውጡ! ሁላችሁም! ጫማ ሳትፈቱ ወደ ውጭ!» ልጆቹ ቀጥ ብለው ታዘዙኝ። የብረት ስለት ባለው ጫማቸው የጎማውን ምንጣፍ እያንኳኩ ወጥተው ፓርኪንጉ ሣር ላይ ተቀመጡ፤ ፀሐዩ ከነሙሉ ልብሳቸው ይፈጃቸዋል። ሰናይት ማያን አቅፋ ፊቷን በውኃ ታጥባታለች። ዴል ከቢሮው እየሮጠ መጣ።

«ማን ፈቀደልህ? ፖሊስ እጠራለሁ!»

«ጥራ። እኔ ግን እሳት አደጋ ጠርቻለሁ።»

የዚያን ጊዜ ሬይ ማሽኑን መሃል ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ዴል «የት ነው የምትሄደው? ወደ ሥራህ!» አለው። ሬይ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠለትና ልጆቹ አጠገብ ሣሩ ላይ ተዘረጋ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የአየር መለኪያ ገና በሩ ላይ መጮኽ ጀመረ። ትልቁ ሰውዬ ቁጥሩን አይቶ ጓደኞቹን «ጭምብል!» ሲላቸው ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ውስጥ ማን አለ?» አለኝ። «ማንም የለም» አልኩት። ይህን ቃል መናገር መቻሌን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ማያንና ሌሎች ሁለት ልጆችን ኦክስጅን ሰጥተው ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ በዚያው ቀን ማታ ደህና ሆነው ወጡ። ስልክ ያላነሡት ወላጆች ሁሉ ያን ቀን ደወሉ። «ዶክተር ሆንክ እንዴ» ያለኝ አባት መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

ሜዳው ተዘጋ፤ እኔም ሥራዬን አጣሁ። ውሌ አይታደስም ተባልኩ፣ ምክንያት አልተጻፈበትም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ወረቀት በፖስታ ደረሰኝ፦ ስለዚያ ቤት ላልናገር ከፈረምኩ መልካም የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልኛል። ሰናይት አነበበችውና «ምን ልትል ነው?» አለችኝ። «ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ለማይጠይቀኝም እናገራለሁ» አልኳት። ወረቀቱ ሳይፈረም ተመለሰ።

መዳን ግን እንደ ጨዋታ ፊሽካ ተነፍቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስቴሮይድ የሚባለውን፣ የሳንባን እብጠት የሚያበርደውን ክኒን ወራት ዋጥኩ። ፊቴ እንደ ዳቦ ተነፋ፣ በትንሽ ነገር እቆጣ ነበር፣ ሰናይትም ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን «ክኒኑ ነው ወይስ አንተ ነህ?» ብላኝ ሁለታችንም ሳቅን። በሰፈራችን መንገድ መጀመሪያ እስከ ፖስታ ሳጥኑ፣ ከዚያ እስከ ማዕዘኑ፣ ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። እየቆምኩ ነው። እየተሳደብኩም ነው፣ አልዋሽም። እትዬ እቴነሽ በየሦስት ወሩ በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ እየጮኸችብኝ ለካችኝ። ሐኪሟ የተጫዋች ሳንባህ ሙሉ በሙሉ አይመለስም ብላኛለች። እኔም መጫወት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ የአሠልጣኝ ሳንባ ይበቃኛል አልኳት።

እናንተ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ግን የሚያማችሁን ብቻ አትናገሩ። ምን እንደምትሠሩ፣ የት እንደምትውሉ፣ ምን እንደምትተነፍሱ ተናገሩ። ካልጠየቋችሁም ተናገሩ። የምታጸዱበትን ኬሚካል ጠርሙስ ይዛችሁ ግቡ። «ቤት ስሆን ይሻለኛል» ማለት ስንፍና አይደለም፤ ማስረጃ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ልጆችን «ሳል የለም» ብዬ አሯሩጫለሁ፤ ለእያንዳንዳቸው ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ በከተማው ሌላ ጫፍ ያለ የበረዶ ሜዳ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ማናጀሯ ስለ ተጫዋችነት ዘመኔ ልትጠይቀኝ ወረቀት አዘጋጅታ ነበር። «ይቅርታ፣ መጀመሪያ ማሽናችሁን አሳዩኝ» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ተነሥታ ወሰደችኝ፤ ማሽኑ ኤሌክትሪክ ነበር፣ ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ግድግዳው ላይ አየር የሚለካ መሣሪያ ተሰቅሏል። ሠራተኛው የመሣሪያውን ቁጥር በየቀኑ የሚጽፍበትን ወረቀት ሳይቀር ጠየቅኋት። አመጣችልኝ።

ጥያቄዎቿን መለስኩላትና በረዶው ላይ እንድወጣ ፈቀደችልኝ። ከዓመት በላይ ጫማዬን አላሠርኩም ነበር። አንድ ዙር ዞርኩ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ፈጠንኩ፤ ቁርጭምጭሚቴ ጮኸ፣ ጭኔ ጋለ። አራተኛው ላይ አጥሩን ይዤ ቆምኩና ያንን ደረት የሚጨመድድ ሕመም ጠበቅኩት። ቆየሁ። አልመጣም። ትንፋሼ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ላቤ ይንጠባጠባል፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል።

ደክሞኝ ነበር። ድካም ብቻ።